በእሳት የጸና ቀለም፦ የፖንቲፑል እቃዎችና የኦልጉድ ቤተሰብ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከጃፓንና ከቻይና በመርከብ የሚመጡ ጥቁር አንጸባራቂ ሣጥኖች የአውሮፓን ባለጸጎች ልብ ማረኩ። የሣጥኖቹ ቅብ የሚገኘው ከአንድ የሩቅ ምሥራቅ ዛፍ ከሚደማ ፈሳሽ ነበር፤ ዛፉ ደግሞ ያኔ በአውሮፓ አይበቅልም ነበር። ያንን ውበት ለማግኘት ሌላ መላ መፈለግ ግድ ሆነ። በብረት ላይ መላውን ካገኙት መካከል በደቡብ ዌልስ፣ በፖንቲፑል ከተማ ይኖር የነበረው የኦልጉድ ቤተሰብ ይጠቀሳል።

ፖንቲፑል የብረት ከተማ ነበረች። የሀንበሪ ቤተሰብ ፋብሪካ ብረትን በሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች መካከል እየዳመጠ ስስና ለስላሳ ሉህ ያወጣ ነበር፤ ሉሁም እንዳይዝግ በቀለጠ ቲን ይነከር ነበር። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቶማስ ኦልጉድ በዚህ ሉህ ላይ የሚጸና ቀለም ሲፈልግ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1716 አረፈ። ሥራውን ከዳር ያደረሰው ልጁ ኤድዋርድ ነው፤ በ1730ዎቹም ማምረቻውን አቋቋመ።

የቀለሙ መሠረት የተልባ ዘይት ነበር። ዘይቱ ከማቅለሚያዎች ጋር ይፈላና በስሱ ይቀባል፤ ከዚያም እቃው በምድጃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ በለዘብተኛ ሙቀት ይቆያል። ሲደርቅ ይለሰልሳል፣ ሌላ ቅብ ይደረብበታል፣ ተመልሶም ምድጃ ይገባል። እሳቱ ከበዛ ቀለሙ ያብጣል፤ ቲን ደግሞ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ከሥሩ ይበላሻል። ስለዚህ የሙያው ግማሽ ትዕግሥት ነበር። በዚህ መንገድ የወጣው ሽፋን ትኩስ ሻይና ቡና አይበግረውም። ሠዓሊው በጥቁሩ ወይም የኤሊ ቅርፊት በሚመስለው መደብ ላይ አበባና ቢራቢሮ ይሥላል፣ ጠርዙን በወርቅ ያስጌጣል። ትሪው፣ የሻይ ጣሳውና የቡና ማንቆርቆሪያው እንዲህ ተሠርቶ ለገበያ ይወጣ ነበር።

አሠራሩ ከቤተሰቡ እንዳይወጣ በጥብቅ ይጠበቅ ነበር። በ1760ዎቹ መጀመሪያ ግን ቤተሰቡ ተጣልቶ ከፊሉ በቅርብ ወዳለችው አስክ ከተማ ሄደና የራሱን ማምረቻ ከፈተ። የእንግሊዝ ከተሞች በርሚንግሃምና ዎልቨርሃምፕተንም ተመሳሳይ እቃ በብዛትና በርካሽ ማቅረብ ጀመሩ። የፖንቲፑሉ ማምረቻ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከሰመ፣ የአስኩም እስከ 1860 ገደማ ቆይቶ ተዘጋ፤ ትክክለኛው ቅመምም ከባለሙያዎቹ ጋር ተቀበረ።

ምሥጢር ለአንድ ቤተሰብ ገበያውን ለትውልዶች ሊጠብቅለት ይችላል። ሙያውን ግን የሚያኖረው ተማሪ ነው። ዛሬ በዌልስ ሙዚየሞች የተቀመጡት ትሪዎች እጅግ ያምራሉ፤ ይሁንና አንድ ሰው ከቤተሰቡ ውጭ ቢማር ኖሮ፣ ያ ቀለም ዛሬም ከምድጃ ይወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።