አንድ ፍሬ፣ አንድ ብናኝ

ከሚዛን አማን ወጣ ብሎ ያለው የበበቃ ቡና እርሻ ወደ 10,000 ሄክታር ይሰፋል። በበጋው አንቀላፍቶ የከረመው የቡና እንቡጥ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ በአንድነት ይፈነዳል። ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ይለብሳል፣ ሽታው ከሩቅ ያውዳል። ይህ የሚቆየው ግን 2 ወይም 3 ቀን ነው። ከ7 እስከ 9 ወር ጠብቆ የሚለቀመው እሸት ዕጣው የሚወጣው በእነዚህ ቀናት ውስጥ ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ወደ 7,000 ፍሬ ይሆናል። አንድ እሸት አብዛኛውን ጊዜ 2 ፍሬ ስለሚይዝ፣ ኪሎው የ3,500 አበባ ሥራ ነው፤ 60 ኪሎው ጆንያ ደግሞ የ210,000። ለአንድ ጀበና 50 ግራም የምትቆላ እናት ምጣዷ ላይ ያለው የ175 አበባ ፍሬ ነው። ሳያፈራ የረገፈው እዚህ ውስጥ አልገባም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ በፍሬው ውስጥ ያለው ነገር ነው። እያንዳንዷ ፍሬ የራሷን ብናኝ ትፈልጋለች። ብናኙ አበባዋ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ቱቦ ያበቅልና የራሱን ስፋት በመቶዎች እጥፍ ቁልቁል ይጓዛል፤ 2 የወንዴ ህዋሶችንም ያደርሳል። አንዱ ከእንቁላሏ ጋር ተዋህዶ 44 ክሮሞዞም ያለው ጽንስ ይሆናል። ሁለተኛው ከሌሎች 2 ኒውክለሶች ጋር ተዋህዶ 66 ክሮሞዞም ያለው የጽንሱ ስንቅ ይሆናል። ይህን ድርብ ውህደት የዕፅዋት ተመራማሪው ሰርጌይ ናቫሺን ያስታወቀው በ1898 እ.ኤ.አ. ነበር። ጽንሱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ቆልተን ወቅጠን የምንጠጣው ከሞላ ጎደል ስንቁን ነው። ቡና ስትለቅሙ ድቡልቡል ፍሬ ካገኛችሁ፣ እሸቱ ውስጥ አንደኛዋ ሳይሳካላት ቀርቶ ሌላዋ ብቻዋን ያደገችበት ነው።

አረቢካ ቡና በራሱ ብናኝ ያፈራል፤ ከ10 ፍሬ 9ኙ ያህል እንዲህ የተጸነሱ ናቸው። ስለዚህም ከጥቂት ዛፎች ተወልዶ ዓለምን ያዳረሰው ቡና እርስ በርሱ እጅግ ተመሳሳይ ነው። ንብ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላ የምታደርሰው የቀረው አስረኛ እጅ፣ የተለያየ ዘር ጎን ለጎን በሚበቅልበት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ባለው በሸኮና በጌሻ ደን ውስጥ አዲስ ዝርያ ያፈልቃል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚህ ምድር የሄደው የጌሻ ዘር፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ፓናማ ውስጥ ውድድር አሸንፎ በዋጋ ክብረ ወሰን ሰብሯል። የጫካ ቡናውን ጥላ ዛፍ የምትቆርጡ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ለንቧም ለአበባውም ስትሉ ተዉት።