የኮሚክ ሥዕል ዋጋ ለምን ናረ?

እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በአሜሪካ በሚካሄደው የሳን ዲዬጎ ኮሚክ-ኮንና በመሰል ዝግጅቶች አድናቂዎች የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ ሥዕል ሠዓሊዎችን በትዕዛዝ ያሠራሉ። ዋጋው እየናረ በመምጣቱ ሠዓሊውን ስግብግብ የሚሉ አሉ። ወቀሳው ግን ተገቢ አይደለም። ብዙው ሠዓሊ የጠረጴዛ ኪራይ፣ የጉዞና የሆቴል ወጪ ከኪሱ ይከፍላል፤ ለትላልቅ አሳታሚዎች የሠራቸው ገጸ ባሕርያት መብት ደግሞ በአብዛኛው የኩባንያው ነው። በርካሽ ያሠራውን ሥዕል ወዲያው አትርፎ የሚሸጥም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በማይክ ዜክ የተሣለ አንድ የስፓይደርማን ገጽ በጨረታ 3.36 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱ ገበያው የት እንደደረሰ ያሳያል።

«ታዲያ አቅም የሌለው ወጣትስ?» የሚለው ጥያቄ ክብደት አለው። መልሱ ግን ድካምን ማርከስ ሳይሆን ፈጣን ንድፎችንና ፊርማ ያረፈባቸውን ኅትመቶች በአነስተኛ ዋጋ ማቅረብ ነው። ለሰዓታት የተለፋበት ሥዕል የልፋቱን ዋጋ ሊያገኝ ይገባል።