ትናንት ምን በሉ? የአመጋገብ ልኬት ተረትና እውነታ

«ሕዝቡ በቀን ይህን ያህል ካሎሪ፣ ይህን ያህል ብረት ያገኛል» የሚል ዘገባ ስናነብ ቁጥሩ ከሚዛን ላይ የተነሣ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን መነሻው ጥያቄና መልስ ነው። መረጃ ሰብሳቢው «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ የበሉትንና የጠጡትን ይንገሩኝ» ይላል፤ ተጠያቂው ያስታውሳል፤ መልሱ ወደ ግራም፣ ግራሙም በምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ወደ ንጥረ ነገር ይለወጣል። በየእርከኑ ስሕተት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሥራ በብዛት የሚታመኑ አምስት ነገሮችን እንፈትሽ።

ተረት 1፦ ሰው የበላውን ያውቃል፤ መጠየቅ ይበቃል።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ1999 እና 2000 በአሜሪካ ሜሪላንድ 484 ጎልማሶች የተናገሩት ከሰውነታቸው የኃይል ፍጆታ ጋር ተነጻጽሮ ነበር። የአንድ ቀን ትውስታ ሲጠየቁ ወንዶቹ ከ12 እስከ 14 በመቶ፣ ሴቶቹ ከ16 እስከ 20 በመቶ አሳንሰው ተናገሩ። «ይህን ምግብ በወር ስንት ጊዜ ይበላሉ?» በሚለው ረጅም መጠይቅ ደግሞ ጉድለቱ በሁለቱም ጾታ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ቢሆን ኖሮ በአማካይ ይካካስ ነበር፤ ግን በአመዛኙ ወደ ታች ያዘነብላል።

ተረት 2፦ አሳንሶ የሚናገር ሰው ዋሽቷል።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የኒውዮርክ ጥናት «ጥቂት እየበላን ክብደታችን አልቀንስ አለ» ያሉ ሰዎችን መርምሮ የሰውነታቸው የኃይል አጠቃቀም ጤናማ መሆኑን አገኘ። የሚበሉትን ግን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን 51 በመቶ አጋንነው ነበር የተናገሩት። ሆን ብሎ ከመዋሸት ይልቅ መርሳትና ራስን አሳምሮ የማየት ፍላጎት ያመዝናሉ። በመንገድ የተቆረጠመ ቆሎ፣ የቡና ስኳር፣ ወጡ ሲሠራ የተቀመሰው ከአእምሮ ቶሎ ይጠፋሉ። ስለዚህ ጥሩ መጠይቅ በዙር ይሄዳል፦ መጀመሪያ ተጠያቂው ሳይቋረጥ ይዘረዝራል፤ ቀጥሎ በተለምዶ የሚረሱ ነገሮች አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ ከዚያ ሰዓቱና መጠኑ ይጠየቃል፤ በመጨረሻም ሁሉም ይከለሳል።

ተረት 3፦ ሌላ አገር የተፈተነ መጠይቅ ተተርጉሞ ይሠራል።

እውነታ፦ መጠይቁ የተሠራው እያንዳንዱ ሰው በራሱ ሳሕን ለሚበላበት ቤት ከሆነ፣ አምስት ሰው ከአንድ ትሪ በሚበላበት ቤት ይቸገራል። የእናትየው ድርሻ ስንት ነበር? ለልጁ ያጎረሰችውስ በማን ይቆጠር? የእንጀራው ስፋትና ውፍረትም ከምጣድ ምጣድ ይለያያል። በኢትዮጵያም የሠራችው የሥነ ምግብ ተመራማሪ ሮሳሊንድ ጊብሰን ከኢሌን ፈርጉሰን ጋር ለእንዲህ ያለው ኑሮ የሚሆን ዘዴ አዘጋጅታለች፦ ቃለ መጠይቁ ከመደረጉ አስቀድሞ ተሳታፊዋ ሥልጠና ታገኛለች፤ የራሷ ሳሕንና ምልክት የምታደርግበት የምግብ ሥዕሎች ሰሌዳ ይሰጣታል። እንደዚያም ሆኖ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የአንድ ቀን ትውስታ የገጠር ሴቶች የሚያገኙትን ንጥረ ነገር ትክክለኛ መጠን እንደማያሳይ ደምድሟል።

ቀኑም ራሱ ይወስናል። ሐሙስ የተጠየቀ ጿሚ የሚናገረው ስለ ረቡዕ ነው፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከዝርዝሩ አይገኙም። ሁሉም ሐሙስ ቢጠየቅ አገሩ በሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀ ይመስላል። ስለዚህ ጥናቱ በጾምና በፍስክ፣ በአዝመራና በክረምት መበተን አለበት።

ተረት 4፦ ሠንጠረዡ ላይ የሰፈረውን ብረት ሰውነት ያገኘዋል።

እውነታ፦ ጤፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። አውድማ ላይ ከብት ሲያበራየው አፈር ይቀላቀልበታል፤ ላቦራቶሪው ደግሞ የአፈሩን ብረት ከእህሉ ብረት ጋር ደምሮ ይቆጥራል። ናሙናው በደንብ ሲታጠብ ቁጥሩ በእጅጉ ይወርዳል። የአፈር ብረት አብዛኛው በአንጀት አይመጠጥም፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ውሕድም ብረትን ያስራል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳልና፣ ያው ዱቄት ቂጣ ወይም እንጀራ ሲሆን ሰውነት የሚያገኘው ብረት ይለያያል።

ተረት 5፦ በምላስ ላይ መተማመን ካልተቻለ፣ ጥናቱ ሁሉ ዋጋ የለውም።

እውነታ፦ መልሱን የሚፈትኑ መንገዶች አሉ። ተሳታፊው ዲዩቴሪየምና ኦክስጅን-18 የተባሉ ከባድ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ዓይነቶች የበዙበት ውሃ ይጠጣል። ዲዩቴሪየሙ ከሰውነት በውሃ መልክ ብቻ ሲወጣ፣ ኦክስጅኑ በውሃም በካርቦን ዳይኦክሳይድም መልክ ይወጣል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ሽንቱ ሲመረመር የሁለቱ ልዩነት የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እሱም የጠፋውን ኃይል ያሳያል። ክብደቱ ካልተለወጠ የበላውና ያወጣው እኩል ነው። ዘዴው ውድ ነው፤ ኃይሉ ከሽሮ ይሁን ከቅቤም አይናገርም። በ24 ሰዓት የተጠራቀመ ሽንት ደግሞ ሶዲየሙ ጨውን፣ ናይትሮጅኑ ፕሮቲንን ይመሰክራል፤ በበርበሬና በሽሮ ውስጥ የገባውን ጨው በጥያቄ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው።

ከተሳታፊዎቹ ጥቂቱን እንኳ በእነዚህ ዘዴዎች መፈተን፣ ሌሎቹንም በተለያየ ቀን ደግሞ መጠየቅ የስሕተቱን መጠን ያሳውቃል፤ መጠኑ የታወቀ ስሕተት ደግሞ በስሌት ይታረማል። የአንድን ግለሰብ ምግብ በአንድ ቀን ጥያቄ ማወቅ ባይቻልም፣ የብዙ ሰዎችን አማካይ ማነጻጸር ይቻላል። ቀጣዩን የአመጋገብ ዘገባ ስታነቡ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ስንት ቀን ተጠየቀ? በየትኛው ወቅት? መልሱስ በምን ተፈተነ? ሦስቱንም የማይመልስ ዘገባ «ሰዎች ይህን በሉ» ሳይሆን «ሰዎች ይህን በላን አሉ» ተብሎ ይነበብ።