«ስንት ሰዓት በሯል?»

በሐዴራ ሰማይ ትንንሽ አውሮፕላኖች ብርቅ አይደሉም። የባሕሩን ዳርቻ ይዘው፣ የኦሮት ራቢን ኃይል ማመንጫን ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች እያዩ ይመላለሳሉ። ከከተማዋ በስተምሥራቅም እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሩት የዔን ሼመር አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ልጁ አብራሪ እንዲሆንለት የሚመኝ የሐዴራ ቤተ እስራኤል ወላጅም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ፣ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ወደቀ በተባለ ቁጥር ቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ ልጁ ስንት ሰዓት በሯል?

ጥያቄው ከሁሉ በላይ የጮኸው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ሲወድቅ ነው። ረዳት አብራሪው 361 ሰዓት ብቻ መብረሩ ሲሰማ፣ አንዳንድ የውጭ ተንታኞች ጣታቸውን ወደ ሥልጠናው ቀሰሩ። አጠገቡ ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ ካፒቴን ነበር። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቁልቁል የደፋው የቦይንግ ሥርዓትም የተሳሳተው ከአንድ መለኪያ በመጣ የሐሰት መረጃ ነው። ያ የችኮላ ፍርድ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለንግድ አብራሪ ፈቃድ ቢያንስ 200 ሰዓት ይጠይቃል፤ በጸደቀ ተከታታይ ሥልጠና ለተማረ 150 ይበቃዋል። አሜሪካ ደግሞ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየር መንገድ አብራሪ በመደበኛው መንገድ 1,500 ሰዓት እንዲኖረው ታስገድዳለች። ሕጉን ያመጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ 50 ሰው የሞተበት አደጋ ነው። የሁለቱም አብራሪዎች ሰዓት ግን ከ1,500 በላይ ነበር። ክንፉ አየር መያዝ ሲያቅተው ካፒቴኑ መሪውን ወደ ፊት መግፋት ሲገባው ወደ ራሱ ሳበው።

አብራሪዎች ይህን የክንፍ መክዳት ስቶል ይሉታል፤ የተማሪ አውሮፕላንን ከሚጥሉት ነገሮችም አንዱ እሱ ነው። ሠልጣኙ ለማረፍ ወደ ማኮብኮቢያው ሲዞር አስቡት። ከምድር ያለው ከፍታ ምናልባት 150 ሜትር ነው። ነፋስ ከኋላ ገፍቶት መስመሩን አልፏል። ለመመለስ አብዝቶ ያጋድላል፤ አፍንጫው ሲወርድበት መሪውን ይስባል። ከፍታውን ጠብቆ 60 ዲግሪ አጋድሎ የሚዞር አውሮፕላን፣ ክንፉ እንዳይከዳው የሚያስፈልገው ፍጥነት በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይከዳል፣ አውሮፕላኑ ይሽከረከራል፣ ለማስተካከል የሚበቃ ከፍታ የለም። ከዚህ የሚያድነው በመዝገብ የተደመረ ሰዓት ብቻ አይደለም። በቂ ከፍታ ላይ ከአሠልጣኝ ጋር ስቶልን ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል፤ መስመር ሲስትም ሳያፍር ማረፉን ትቶ እንደገና ዞሮ መምጣትን መልመድ።

ሰዓቱ የት እንደተበረረም ለውጥ ያመጣል። ሐዴራ ባሕር ዳር ናት፤ የአዲስ አበባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። እንደ ሴስና 172 ያለ ቱርቦ የሌለው ትንሽ አውሮፕላን ቦሌ ላይ የሞተሩን ጉልበት ሩብ ያህል ያጣል፤ ፀሐይ ሲከር ይብስበታል። መንደርደሩ ይረዝማል፣ ወደ ላይ መውጣቱ ይዘገያል። አብራሪው ሂዩበርት ጁሊያን በ1930 እ.ኤ.አ. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ሲከሰክስ ስለ ጉረኝነቱ ብዙ ተወርቷል። የከተማዋ ስስ አየርም አብሮ መነሣት ነበረበት እላለሁ። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ የኢትዮጵያን አብራሪዎች ያሠለጠነው አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን እንኳ በማርች 1954 እ.ኤ.አ. በትንሽ አውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት አዲስ አበባ ውስጥ ሞቷል። ከሃያ ዓመት በላይ የበረረ ሰው ነበር።

የ1,500ው ሕግ ሌላም ጣጣ አለው፦ ገና ፈቃድ ያገኘ ወጣት ሰዓት ለማጠራቀም ሲል አሠልጣኝ ይሆናል፤ ሰዓቱ ሲሞላለት ወደ አየር መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ወላጅ ትምህርት ቤት ሲመርጥ አሠልጣኞቹ ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ፣ ልጁ ብቻውን ከመብረሩ በፊት ስቶልን ስንት ቀን እንደሚለማመድ ይጠይቅ። አደጋ ሲደርስም የመጀመሪያውን ቀን ዜና ይዞ አይፍረድ። የአደጋ ምርመራ ዓላማ በዓለም አቀፉ ደንብ ቀጣዩን አደጋ መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም። በእስራኤል ይህን የሚሠራው በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር ያለው የመርማሪዎች ክፍል ነው። ሪፖርቱ ሲወጣ ዕብራይስጥ የሚያነቡ ልጆች ለወላጆቻቸው ቁጭ ብለው ቢያነቡላቸው፣ የበረራ ሰዓቱን ከያዘው መስመር አልፈው ቢቀጥሉ እወዳለሁ።