ያረጀ ጨርቅና የሠዓሊ መርፌ

በልደታ ሰፈር የሚኖር ቤተ ሰብ ሁሉ ሁለት ጥሪዎችን ያውቃል። አንደኛው «ልዋጭ!» የሚለው፥ ሁለተኛው «ቆራሌው!» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ባለ ጥሪ ያረጀ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ጆግ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ባዶ ጠርሙስ፥ የተሰበረ ብረት፥ የማይሠራ ራዲዮና አሮጌ ጫማ ይገዛል። የቤቱ እመቤት ዕቃውን አስረክባ በሯን ከዘጋች በኋላ የዚያን ዕቃ ነገር ዳግመኛ አታስበውም። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ነገር ነው፤ ከአዲስ አበባ ቤቶች አገልግሎቱን ጨርሶ የሚወጣው እንዲህ ያለ ዕቃ ባሕር ተሻግሮ በኮሌጅ ግቢ ውስጥ፥ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታይቷልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጳጉሜን 2011 እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፥ ክሊንተን በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኘው የሃሚልተን ኮሌጅ ግቢ፥ ዌሊን በተባለው የኮሌጁ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የአቶ ኤልያስ ስሜ ሥራዎች ለተመልካች ቀርበው ነበር። የዐውደ ርእዩ ስም በእንግሊዝኛ «ታይትሮፕ» ሲሆን፥ ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «የተወጠረ ገመድ» ማለት ይሆናል፤ ሰው ሚዛኑን ጠብቆ በላዩ የሚራመድበት ገመድ ማለት ነው። ስሙ የተሰጠው የዘመኑ ሰው በመሣሪያና በተፈጥሮ መካከል የሚራመደውን አስጊ እርምጃ ለማመልከት ነው። ዐውደ ርእዩ ከዚያ በኋላ በኦሃዮ ወደምትገኘው ወደ አክረን፥ በሚዙሪም ወደምትገኘው ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄዶ ታይቷል።

እነዚህን ሥራዎች ከሩቅ የሚያይ ሰው ትልቅ የተሸመነ ምንጣፍ፥ አለዚያም ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ወደ ታች ሲመለከቱት የሚታይ የእርሻ መሬት ይመስሉታል። ጠጋ ሲል ግን ድርና ማግ የመሰለው ነገር ሁሉ የኤሌክትሪክና የኮምፒዩተር ሽቦ መሆኑን ይረዳል። ሽቦው እንደ ሹሩባ በእጅ ይጐነጐናል፤ ተጐንጕኖም በእንጨት ሰሌዳ ላይ በትንንሽ ምስማር ይያያዛል፤ ብዙ ሰሌዳ ተጋጥሞ አንድ ትልቅ ሥዕል ይሆናል። ቀዩም አረንጓዴውም ቢጫውም ከሽቦው ልባስ የመጣ ነው እንጂ በብሩሽ የተቀባ አይደለም። አልፎ አልፎም ሰዎች ደብዳቤ ይጽፉበት የነበረ የኮምፒዩተር መጻፊያ ቁልፍና የውስጥ ሰሌዳው በመካከል ገብተው እንደ ጥልፍ ጌጥ ይታያሉ። ሸማኔ በሌለበት የተሸመነ፥ መወርወሪያ ሳይነካው ጨርቅ የመሰለ ሥራ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አቶ ኤልያስ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ ነው። በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1990 ተመርቀዋል። ሽቦ ከመያዛቸው አስቀድሞ የያዙት መርፌ ነበር። በሸራ ላይ ክር እየሰፉ፥ የሸሚዝና የካፖርት ቁልፍ እየደረደሩ፥ የጨርቅ ቁራጭ እየጣፉ ትልልቅ ሥዕሎችን ሠርተዋል። ሌላው ሠዓሊ በአንድ ቀን በቀለም የሚሸፍነውን ቦታ በመርፌ ለመሸፈን ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ፥ አንዲት ቀሚስ ጠልፋ የምታውቅ እናት ከማንም ይልቅ ትገምተዋለች። እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ በሳንታ ሞኒካ ሙዚየም ሥራቸው ሲታይ የተሰጠው ስም «የመርፌ ዓይን፥ የልብ ዓይን» የሚል ነበር። ዐውደ ርእዩን ያሰናዱት ወይዘሮ መስከረም አሰግድና የቴአትር አዘጋጁ ፒተር ሴላርስ ናቸው።

የሥራው ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰበው ከመርካቶ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፥ በዚያ ስፍራ የሚጣል ነገር የለም፤ ቆርቆሮው ምድጃ ይሆናል፥ የመኪና ጎማው በረባሶ ይሆናል፥ በርሜሉ ተቀጥቅጦ በር ይሆናል። የኮምፒዩተርና የስልክ ስብርባሪ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስቸግር ነው። በውስጡ ያለውን መዳብ ለማውጣት ሲባል ሽቦውን ማቃጠል በብዙ አገሮች የተለመደ ሲሆን፥ የሚወጣው ጭስ የአቃጣዩንም የጎረቤቱንም ጤና ይጎዳል። ሠዓሊው ሽቦውን ሳያቃጥሉ ከነልባሱ መጐንጐናቸው እንግዲህ ለዓይን ውበት ብቻ የተደረገ አይመስለንም። ይሁን እንጂ ሥራቸውን «የቆሻሻ ጥበብ» ብሎ መጥራት ተገቢ አይደለም፤ እርሳቸው ዕቃውን የሚፈልጉት የሰው እጅ የነካው፥ የሰው ኑሮ ያለፈበት በመሆኑ ነውና።

ምናልባት ከአንባብያን አንዱ «አሮጌ ዕቃ ግድግዳ ላይ መስቀል ምን ጥበብ አለው? ይህ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው» ይለን ይሆናል። ለዚህ የምንሰጠው መልስ በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይገኛል። የጥንት የብራና መጻሕፍት ከእንጨት የተሠራ ገበታ አላቸው፤ ገበታውም በቆዳ ይለበጣል። ገበታውን ገልጦ በውስጥ በኩል ያየ ሰው፥ ቆዳው ታጥፎ በተመለሰበት መካከል አራት ማዕዘን የሆነ የጨርቅ ቁራጭ ተለጥፎ ያገኛል። ጨርቁ አንዳንድ ጊዜ ከህንድ የመጣ አበባማ ጥጥ፥ አንዳንድ ጊዜም ከሌላ ሩቅ አገር የመጣ ሐር ወይም ከፋይ ነው። ከብዙ ልብስ የተረፈች የእጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ እንኳ ሳትጣል ለመጽሐፍ ጌጥ ሆናለች። ያ ልብስ የማን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም፤ ልብሱ አልቆ ቁራጩ ግን እስከ ዛሬ ይታያል። ስለዚህ ከተረፈ ነገር ጌጥ ማውጣት ከባሕር ማዶ የተማርነው ነገር አይደለም።

ወደ ቤታችን ስንመለስም ነገሩን ድሪቶ በሚባለው ልብስ እናገኘዋለን። ድሪቶ ማለት ያረጁ ጨርቆች እየተደራረቡ፥ እየተጣጣፉና በመርፌ እየተወጉ የሚሰፉበት ነው፤ ለሐምሌና ለነሐሴ ብርድ ከሚሸጠው ብርድ ልብስ የማያንስ ሙቀት ይሰጣል። ነገር ግን ቃሉ በአፋችን ስድብ ሆኗል። ልጅ ከልጅ ሲጣላ «ድሪቷም» ይለዋል፤ ትልቅ ሰውም ቢሆን የተጣፈ ልብስ ለብሶ ከሰው ፊት ለመቆም ያፍራል። ከዚህ የተነሣ ድሪቶ መስፋት የምታውቅ እናት ሙያዋን ትደብቃለች እንጂ ለልጅዋ አታስተምርም። እኛን የሚያሳስበን ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ጨርቁ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል፤ እጁ የለመደው ብልሃት ከጠፋ ግን ከወዴት ይገዛል?

በአሜሪካ በአላባማ ክፍለ ግዛት ጂስ ቤንድ የምትባል የጥቁሮች መንደር አለች። የዚያች መንደር ሴቶች ድሆች ስለ ነበሩ ያለቀ የሥራ ሱሪና የዱቄት ከረጢት እየቀደዱ፥ እየሰፉም የአልጋ ልብስ ይሠሩ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ ድሪቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች የመንደሪቱ ሴት ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ሁሉ ሰብስባ ከእርሱ የአልጋ ልብስ ሰፋች፤ ከሥሩ ተኝታ ባሏን ለማስታወስ ነው። የሱሪው ጉልበት የነበረው ስፍራ እስከ ዛሬ እንደ ተጎዳ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን ከተማ ሙዚየም የእነዚህ ሴቶች ሥራ በዐውደ ርእይ ሲቀርብ ብዙ ሕዝብ አደነቀው፤ በ2006ም የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር ላይ አተመው። በዚያች መንደር የተሰፋው ከእናቶቻችን ድሪቶ በምን ይለያል? እኛ እስከምናውቀው ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ያኛውን አይቶ ያከበረው ሰው ተገኝቷል።

የጋናው ተወላጅ ኤል አናትሱይም በዚሁ መንገድ የታወቀ ነው። አባቱ ኬንቴ የሚባለውን የአገሩን ጨርቅ ይሸምን ነበር። ልጁ ደግሞ በናይጄሪያ በንሱካ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት ሲያስተምር የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን እየቀጠቀጠ በመዳብ ሽቦ በመስፋት ከግድግዳ የሚወርድ የብረት ኬንቴ ሠራ። ይህም የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ ግቢ አካባቢ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

አሁን ወደ ልደታ እንመለስ። በዚህ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ይገኛል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ አርክቴክቸር፥ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ይባላል። በግቢው ቤት ስለ መሥራት የሚማሩ ወጣቶች አሉ፤ ከግቢው ውጪ ደግሞ በ2000ዎቹ ዓመታት አሮጌው የልደታ ሰፈር ፈርሶ በኮንዶሚኒየም ተተክቷል። ሰው ከጭቃ ቤት ወደ ፎቅ ሲገባ መጋረጃውም፥ የአልጋ ልብሱም፥ የእናቱ ጥልፍም «ለአዲሱ ቤት አይሆንም» እየተባለ ለልዋጩ መሄዱ የተለመደ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ እናቶች ድሪቶና ጥልፍ በዚያ ግቢ አዳራሽ ለአንድ ሳምንት እንኳ ቢሰቀል፥ ተማሪዎቹም አጠገቡ ቆመው «ይህንን ማን ሰፋው? ስንት ወር ፈጀ?» ብለው ቢጠይቁ እጅግ ደስ ይለናል። ወጪው የምስማርና የገመድ ያህል ነው።

እስከዚያው የአቶ ኤልያስን የአሠራር መንፈስ በቅርብ ለማየት የሚፈልግ ቤተ ሰብ ከልደታ ብዙም በማይርቀው በመካኒሳ፥ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ወደ ተከፈተው ዞማ ሙዚየም ይሂድ። ሙዚየሙን ያቋቋሙት አቶ ኤልያስና ወይዘሮ መስከረም ናቸው፤ ቤቶቹም በጭቃና በጭድ፥ በአባቶቻችን አሠራር የተሠሩ ናቸው። ልጆችን ይዞ መሄድ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የጭቃ ቅርጽ ከትልቅ ሰው ይልቅ የሚያስተውሉት እነርሱ ናቸውና።

ለእመቤቶች ደግሞ ጥቂት ነገር እንጨምር። ልዋጩ በር ላይ ሲቆም ጨርቁን ሁሉ በአንድ እጅ አታስረክቡ። ጥጡን ከናይሎኑ ለዩ፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ከተሰፉ ሲታጠቡ ጥጡ ይሰበሰብና ስፌቱ ይጨማደዳል። ጥጡን ከመቁረጣችሁ በፊት በሙቅ ውኃ እጠቡት። ነጠላው ቢሳሳም ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው፤ ስለዚህ ጥለቱን ቁረጡና ለብቻው ጠቅልላችሁ አኑሩት፥ የተረፈው ነጠላ ለሕፃን መጠቅለያ ወይም ለእንጀራ መሸፈኛ ይሆናል። የሸሚዙን ቁልፍም ከሸሚዙ ጋር አትስጡ፤ በቆርቆሮ ጣሳ አጠራቅሙት፥ ልጆቹም መርፌ መያዝ ሲጀምሩ የመጀመሪያ ስፌታቸውን በእርሱ ይለማመዱበት።