የተራራው ሬድዮና ቀለቡ

በገጠር ሰው ከሸለቆ ማዶ ላለ ጎረቤቱ መልእክት ማድረስ ሲፈልግ ከጓሮው ቆሞ አይጣራም፤ ጉብታ ላይ ይወጣል። ማዶው በኮረብታ የተጋረደ እንደሆነ ደግሞ በመካከሉ ሸንተረር ላይ የሚኖረው ሰው ጥሪውን ይቀበልና ወደ ወዲያኛው ወገን ያቀብላል። «የእገሌ በሬ ጠፍቷልና ያየ ይናገር!» ሲባል ጆሮውን አቅንቶ ይሰማል፤ ዞር ብሎም ያንኑ ቃል ይደግማል። የዕድር ጥሩምባ ነፊ ከፍ ያለ ቦታ የሚመርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ይህንኑ ሥራ በኮረንቲ ስለሚሠራ መሣሪያ ነው። ባለሙያዎች ሪፒተር ይሉታል። እኛ አቀባይ እንበለው።

አቀባይ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ የአዲስ አበባን ሰሜን ምሥራቅ እንመልከት። በየካ ክፍለ ከተማ፣ በኮተቤ መንገድ ላይ ወሰን የሚባል ሰፈር አለ። ወሰን ቆሞ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው ዓይኑ በተራራ ይታገዳል። ይህ የየካ ተራራ ነው፤ ከዐለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የሚገኝበት። ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ከእንጦጦ ጋር ይያያዛል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የበለጠ ከፍታ አለው። በዚህ ተራራ ጀርባ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ደቡብ የወረደው በአቃቂ ወንዝ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ በሱሉልታ በኩል ወደ ሰሜን የወረደው ደግሞ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ተራራው ውሃን እንደሚለይ ሁሉ የሬድዮንም ድምፅ ይለያል። ወሰን ያለ ሰው የእጅ ሬድዮ ይዞ ሱሉልታ ያለውን ወንድሙን ቢጣራ አይሰማውም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ከባሕር ማዶ የሚተላለፈው ዜና እኛ ቤት እንዴት ይሰማል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ ትክክል ነው። የሬድዮ ሞገድ አንድ ዓይነት አይደለም። አጭር ሞገድ የሚባለው ከምድር እጅግ ከፍ ብሎ ባለው የአየር ክፍል ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ስለዚህ አገር አቋርጦ ይመጣል። የእጅ ሬድዮ የሚጠቀምበት ሞገድ ግን እንደ ባትሪ መብራት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ተራራ ካገኘ ይቆማል፤ ከተራራው ጀርባ ጥላ ይሆናል። መሣሪያውን ተራራው ጫፍ ላይ ካስቀመጡት ግን ወሰንንም ሱሉልታንም ያያል። በእንጦጦ ጫፍ ላይ ረጃጅም የአንቴና ምሰሶዎች ቆመው የሚታዩትም ለዚህ ነው።

አቀባዩ ከሸንተረሩ ሰው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሰው ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚናገረው። አቀባዩ ግን እየሰማ ይናገራል። ይህን የሚያደርገው በአንድ ሞገድ ሰምቶ በሌላ ሞገድ በመናገር ነው። የራሱ ድምፅ የራሱን ጆሮ እንዳያደነቁረው ደግሞ በመካከል ረጃጅም ጣሳ የሚመስሉ የብረት ማጣሪያዎች ይደረጋሉ። መሣሪያው ይኸው ነው፦ ጆሮ፣ አፍ፣ ማጣሪያና አንቴና።

እንዲህ ባለ አቀባይ ከሚጠቀሙት መካከል አማተር የሚባሉ ሰዎች አሉ። አማተር ማለት ሬድዮን ለደመወዝ ወይም ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለፍቅሩ የሚሠራ፣ ተፈትኖ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ነው። በአገራችንም የአማተሮች ማኅበር አለ፤ ጣቢያው የተቋቋመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአምስት ኪሎ ግቢ ነው። የኢትዮጵያ አማተሮች መጠሪያ «ኢ.ቲ.» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። ሬድዮ እንዳሻው መትከል ለማንም አይፈቀድም። የሞገድን ድልድል የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህም ተገቢ ነው እንላለን፤ ሁሉም በአንድ ገበያ መካከል ቆሞ ቢጮህ ማንም ማንንም አይሰማም።

አማተሮች ዋጋቸው የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው። በካሪቢያን ባሕር ፖርቶ ሪኮ የምትባል ደሴት አለች። መስከረም 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ማሪያ የተባለ ማዕበል መታት። ኮረንቲ በመላ ደሴቲቱ ጠፋ። ከ100 የሞባይል ስልክ ማማዎች 95 ያህሉ ዝም አሉ። በዚያን ጊዜ ከ20 በላይ አማተሮች ከአሜሪካ ቀይ መስቀል ጋር ሬድዮና ባትሪ ይዘው ገብተው የሕዝቡን መልእክት ያስተላልፉ ነበር። በእኛም አገር በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ሌሊት ከእንቅልፉ የነቃ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ሌሊት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ስልኩን ነው። በቀበሌያችሁ የቆመው የስልክ ማማም ቢሆን አቀባይ ነው። ኮረንቲ ሲጠፋ በባትሪ፣ በፀሐይ ወይም በጄኔሬተር ይቆያል፤ እነዚህ ካለቁ ዝም ይላል።

እንግዲህ ነገሩ ያለው ቀለቡ ላይ ነው። ተራራ ላይ የወጣ አቀባይ ብዙ ጊዜ ቶሎ አይበላሽም። ይራባል እንጂ።

የኮረንቲንም ቀለብ እንደ እህል መስፈር ይቻላል። እህልን በቁና እንደምትሰፍሩ የባትሪ ቀለብ የሚሰፈረው በአምፔር ሰዓት ነው። ለምሳሌ አንድ መካከለኛ አቀባይ እናስብ። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ በሰዓት ግማሽ አምፔር ይበላል፤ በ24 ሰዓት 12 ይሆናል። ሲናገር ግን በየሰዓቱ 6 ይጨምራል። በቀን 2 ሰዓት ቢናገር 12 ነው። ድምሩ 24። እንግዲህ ሰዎች ጨዋታ ይዘው በቀን 6 ሰዓት ቢያናግሩት ስንት ይሆናል? 36 እና 12፣ 48 ይሆናል። ቀለቡ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በአቀባይ ላይ ረጅም ወሬ የሚከለከለው ሰውን ለማስቀየም አይደለም። ብዙዎቹ አቀባዮች አንድ ሰው ሳያቋርጥ ጥቂት ደቂቃ ከተናገረ ራሳቸው እንዲያቋርጡት ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

ባትሪው ጎተራ ነው። በእርሳስና በአሲድ የሚሠራው የተለመደው ባትሪ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ከግማሽ በታች ማውረድ አይገባም። የታችኛው ግማሽ የዘር እህል ነው ብላችሁ ቁጠሩት። የዘሩን የበላ ገበሬ ለዚያ ሳምንት ይጠግባል፤ ለመጪው ክረምት ግን ምን ይዘራል? ባትሪም ደጋግሞ እስከ ታች ከወረደ መያዝ ያቆማል። ስለዚህ ፀሐይ ባትወጣ 3 ቀን እንዲቆይ የምንፈልገው አቀባይ 3 ጊዜ 24፣ ማለትም 72 ያስፈልገዋል፤ ዘሩ እንዳይነካ እጥፍ ስናደርገው 144 ይመጣል። 150 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እንገዛለን ማለት ነው። ዛሬ ሊቲየም የሚባል ባትሪም መጥቷል። ውድ ነው፤ ግን ውሃ አይጠይቅም፣ ከግማሽ በታችም ቢወርድ ይችላል። ሆኖም ብርዱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ መሙላት ይጎዳዋል። በደጋ ተራራ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አመዳይ ስለሚወርድ ባትሪው ከውጭ ሣጥን ይልቅ ነፋስ በማያገኘው ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል።

አዝመራው ከፀሐይ ነው። 100 ዋት የሆነ አንድ ሶላር በጠራ ፀሐይ በሰዓት 5 ተኩል አምፔር ያህል ይሰጣል። በበጋ የ6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 33 ያስገባል፤ 24 ተበልቶ ይተርፋል። ሐምሌ ሲገባ እንጦጦ ጉም ይለብሳል። የቀኑ ብርሃን ሁሉ ተጠራቅሞ የ3 ሰዓት ፀሐይ ያህል ብቻ ቢሆን 16 ተኩል ነው፤ አይበቃም። ሁለት ሶላር ከተተከለ ግን 33 ይሆናል። ስለዚህ ሶላር የሚለካው በጥር ፀሐይ አይደለም፣ በሐምሌ ደመና ነው። በጥር ለክቶ የገዛ ሰው ሐምሌ ላይ ይጸጸታል።

በሶላር አተካከል ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በአገራችን ፀሐይ በበጋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በአዲስ አበባ አካባቢ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ድረስ በቀትር ወደ ሰሜን ታልፋለች። ሶላሩን እንደ ጣራ አቀርቅረው ወደ ደቡብ ካዞሩት በክረምት፣ ብርሃን በሚቸግርበት ወራት፣ ጀርባውን ሰጣት ማለት ነው። ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ያህል ጥቂት ዘንበል ማለቱ ይበቃል። ጥላም ክፉ ጠላቱ ነው። እንጦጦ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የተስፋፋበት ተራራ መሆኑን ታውቃላችሁ። የአንዲት ቅርንጫፍ ጥላ በሶላሩ ጥግ ላይ ብታርፍ የሚቀንሰው ጥጉን ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያሉት ክፍሎች በሰልፍ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲደክም ሌሎቹንም ይይዛቸዋል። ቅርንጫፉ በጊዜው ይቆረጥ። ሶላሩን ማጠብ በማለዳ፣ ገና ሳይሞቅ፣ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ነው። በአመድ ወይም በአሸዋ አይፈተግም፤ ድስት አይደለም።

ጄኔሬተርስ? ይጠቅማል፤ ነገር ግን በተራራ ላይ አየር ስስ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ወይም ከዚያ የበለጠውን ያጣል። ነዳጁን በአህያ ማውጣትም አለ። ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

አሁን የምንነግራችሁ በቤታችሁ ሶላርና ባትሪ ላላችሁም ይሠራል። ክዳኑ የሚከፈት የአሲድ ባትሪ በየወሩ ይታያል። ውሃው በውስጥ ያሉትን ሰሌዳዎች መሸፈን አለበት። ከጎደለ የሚጨመረው ለባትሪ የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የምንጭም የቧንቧም ውሃ ማዕድን ስላለው ባትሪውን ይገድለዋል። አሲድ አይጨመርም። በራሶቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካበቀለ፣ ሽቦውን አላቅቆ፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ አጥብቆ መልሶ ማሰር፣ በላዩም ግራሶ መቀባት ነው። ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣልና ሲጋራ፣ ክብሪትና ኩራዝ አጠገቡ አይድረስ። ቤቱ መተንፈሻ ይኑረው፤ መተንፈሻው ግን አይጥ እንዳያስገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። አይጥ የሽቦ ልባስ ትወዳለች።

ከአንቴናው የሚወርደው ሽቦ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ። ዝናቡ ከእጥፋቱ ጫፍ ላይ ጠብ ብሎ ይቀራል፤ የሣር ቤት ክፈፍ ውሃውን ከግድግዳው እንደሚያርቀው ማለት ነው። መብረቅን በሚመለከት ምሰሶው በወፍራም መዳብ ሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዛል። ይህ ሽቦ ለሌባ ጥቂት ብር ነው፤ ለአቀባዩ ግን ሕይወቱ ነው። ተቆርጦ ያየ ሰው ለጥበቃው ቢናገር ትልቅ ነገር ሠራ። ምሰሶውን የወጠሩት ሽቦዎችም ላም የምትታከክባቸው ወይም ልብስ የሚሰጣባቸው አይደሉም። እረኞች ልጆችም ሶላሩን በወንጭፍ ዒላማ እንዳያደርጉት ይመከሩ።

ከመሣሪያ ሁሉ በእኛ አስተያየት የሚበልጠው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። በየተራራው ያለውን ማማ የሚጠብቁት ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ፊደልና ቁጥር የለየ ጥበቃ በየማለዳው ፀሐይ ሳትወጣ በተቆጣጣሪው መስኮት ላይ የሚታየውን የቮልት ቁጥር አይቶ መጻፍ ይችላል። ለአሲድ ባትሪ 12.7 ሙሉ ነው። 12.2 ወደ ግማሽ ወርዷል። ከ12 በታች ከሆነ የዘር እህሉ ተነክቷል።

ደብተሩ ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦

ሐምሌ 8፦ 12.6። ጉም። 
ሐምሌ 9፦ 12.5። ዝናብ ቀኑን ሙሉ። 
ሐምሌ 10፦ 12.3። ጉም። ሶላሩ ላይ ቅጠል ነበረ፤ ተጠረገ። 
ሐምሌ 11፦ 12.2። ለባለሙያው ተደወለ። ወሬ እንዲቀነስ ለተጠቃሚዎች ተነገረ። 
ሐምሌ 12፦ 12.3። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወጣ።