የመዝገብ ክፍተት፦ አመጣጡ፣ አመረማመሩና አያያዙ
በደባርቅና በዳባት ወረዳዎች ምሳሌነት

መግቢያ

የትምህርት ዕቅድ ከቁጥር ይነሣል። ስንት ተማሪ ተመዘገበ፣ ስንቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዘለቀ፣ ስንቱስ አቋረጠ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ካልተገኘ፣ ለአንድ ወረዳ ስንት መምህር፣ ስንት መማሪያ መጽሐፍና ስንት መማሪያ ክፍል እንደሚያስፈልግ መወሰን አይቻልም። ይሁን እንጂ መዝገብ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ አይገኝም። ስም ያልተጠራበት ቀን፣ ሪፖርት ያልደረሰበት ወር፣ ከነጭራሹ ያልተቆጠረ ዓመት ይኖራል። ክፍተቱ ሳይመረመር በግምት ሲሞላ ወይም በዝምታ ሲታለፍ የሚጎዳው ሠንጠረዡ ብቻ አይደለም። ከቁጥር የወጣውን ልጅ የሚፈልገው ሰው አይኖርም፤ መቀመጫውም መጽሐፉም በቀጣዩ ዓመት በጀት ውስጥ አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ የመዝገብ ክፍተት ከየት እንደሚመነጭ፣ የተቋረጠበት ቦታ እንዴት እንደሚለይና መምህራንም ሆኑ የዕቅድ ባለሙያዎች ምን ሊያደርጉ እንደሚገባ ያብራራል። ለምሳሌነት የተመረጡት በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚገኙት የደባርቅና የዳባት ወረዳዎች ናቸው። በእነዚህ ወረዳዎች የአስተዳደር ወሰን ለውጥ፣ የነዋሪዎች ዝውውር፣ ወረርሽኝና ጦርነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከታትለው ስለደረሱ፣ የክፍተት ዓይነቶች በግልጽ ይታዩባቸዋል።

ባዶ ቦታ ዜሮ አይደለም

በመዝገብ ላይ የተጻፈ ዜሮ «ተቆጥሮ ምንም አልተገኘም» ማለት ነው። ባዶ ቦታ ግን «አልተቆጠረም» ማለት ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ የሚደርሰውን ስሕተት በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል።

40 ተማሪዎች ያሉት አንድ ክፍል ሰኞ 36፣ ማክሰኞ 38፣ የገበያ ቀን በሆነው ረቡዕ 20፣ ዓርብ 36 ተማሪዎች ተገኝተውበታል እንበል። ሐሙስ ስም አልተጠራም። ባዶው ቀን እንደ ዜሮ ከተወሰደ የሳምንቱ አማካይ 26 ተማሪ፣ ማለትም 65 ከመቶ ይሆናል። ባዶው ቀን ከስሌቱ ከወጣ አማካዩ 32.5፣ ማለትም ወደ 81 ከመቶ ይደርሳል። «ሁሉም መጥተው ይሆናል» ተብሎ 40 ከተሞላበት ደግሞ 34፣ ማለትም 85 ከመቶ ይሆናል። ክፍሉም ሳምንቱም አንድ ሆነው ሳለ ሦስት የተለያዩ መልሶች ተገኙ ማለት ነው።

ከሦስቱ ሁለተኛው የተሻለ ቢመስልም ያለ ጥንቃቄ ሊታመን አይገባም። ስም የማይጠራባቸው ቀኖች ብዙውን ጊዜ እንደ ሌሎቹ ቀኖች አይደሉም። መምህሩ ያልመጣበት፣ ከባድ ዝናብ የጣለበት፣ የአካባቢው ጸጥታ የታወከበት ወይም ልጆች ለአጨዳና ለውቂያ የወጡበት ቀን ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የተጻፉት ቀኖች አማካይ ካልተጻፉት የተሻለ መልክ ያሳያል። ስለዚህ ክፍተት ያለበት አማካይ ሲቀርብ ከስንት ቀን ስንቱ እንደተመዘገበ አብሮ መገለጽ አለበት።

የተቋረጠበትን ደረጃ ስለ መለየት

የአንድ ተማሪ መረጃ ረጅም መንገድ ይጓዛል። መምህሩ በክፍል ውስጥ ስም ጠርቶ ይጽፋል፤ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ያጠቃልላል፤ ርእሰ መምህሩ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይልካል፤ ከዚያም በዞን መምሪያና በክልል ቢሮ አልፎ ለትምህርት ሚኒስቴር ይደርሳል። በየደረጃው ዝርዝሩ እየተጠቀለለ ይሄዳል። በሚኒስቴሩ ሠንጠረዥ ላይ የሚታየው ጉድለት ከእነዚህ ደረጃዎች በየትኛውም ላይ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «መረጃው እስከ የት ድረስ ሙሉ ነበር?» የሚለው ነው።

ይህን የምርመራ ስልት ለመረዳት ከኮምፒዩተር ሙያ አንድ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች አንድ ኃይለኛ ኮምፒዩተር በሶፍትዌር አማካይነት ተከፋፍሎ የብዙ ኮምፒዩተሮችን ሥራ እንዲሠራ ይደረጋል፤ አንድ አዳራሽ በግርዶሽ ተከፍሎ ለብዙ ክፍሎች እንደሚያገለግል ማለት ነው። እነዚህን ሁሉ የሚያስተዳድር አንድ ሰርቨር ይኖራል፤ የእያንዳንዱንም የሥራ ጫና በየጊዜው እየለካ ይመዘግባል። ቪኤምዌር ቪሴንተር በሚል ስም የታወቀው የአስተዳደር ሥርዓት በተለመደው አሠራሩ የአምስት ደቂቃውን ልክ ለአንድ ቀን፣ የግማሽ ሰዓቱን ለአንድ ሳምንት፣ የሁለት ሰዓቱን ለአንድ ወር፣ የሙሉ ቀኑን ደግሞ ለአንድ ዓመት ያቆያል። ዝርዝሩ እያረጀ ሲሄድ ወደ ሰፊ አማካይ ይጠቀለላል።

በዚህ መዝገብ ላይ ክፍተት ሲታይ ባለሙያው በየደረጃው ያሉትን ሥዕሎች ያነጻጽራል። የቀኑ ሥዕል ሙሉ ሆኖ የሳምንቱ ባዶ ከሆነ መለኪያው ደኅና ነው፤ የቆመው የማጠቃለያው ሥራ ነው። የቀኑም ሥዕል ባዶ ሆኖ የአሁኗ ሰዓት ልክ ብቻ የሚታይ ከሆነ መለኪያው ይሠራል፤ ችግሩ በመላኪያው ወይም በማከማቻው ላይ ነው። የማከማቻው ቦታ ሞልቶ እንደሆነም ይመረመራል። የአሁኑም ልክ ከጠፋ መለኪያው ራሱ ወይም ከአስተዳዳሪው ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል። ዝርዝሩ የሚቆይበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነም ምርመራው ከዘገየ ጥቅሉን የሚያስተካክል ማስረጃ አይተርፍም።

ይኸው ስልት ለትምህርት መረጃ በትክክል ይሠራል። የክፍሉ መዝገብ ሙሉ ሆኖ የወረዳው ቅጽ ባዶ ከሆነ መድኀኒቱ ቅጹን እንደገና መሙላት ነው። ቅጹ ከወረዳው ወጥቶ ለዞኑ ካልደረሰ መፈተሽ ያለበት መላኪያው ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ በዚያ ወቅት ላልደረሰ ሪፖርት ትምህርት ቤቱን መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ስሙ ከመጀመሪያውም በክፍል ውስጥ ካልተጠራ ግን በቢሮ ሆኖ የሚሞላ ምንም ነገር የለም። የዚህ ዓይነቱ ክፍተት የሚዘጋው ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ወላጆች በመመለስ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ የክፍል መዝገብ ጥቅሉ ተልኳል ተብሎ መጣል የለበትም።

የጊዜ አቆጣጠር መለያየት

ሁለተኛው የክፍተት ምንጭ የሰዓትና የዘመን አለመገጣጠም ነው። በሰርቨሮች ዘንድ የለኪውና የመዝጋቢው ሰዓት ካልተገጣጠመ የተለካው ልክ በማይፈለግበት ሰዓት ይቀመጣል፤ ሳይጠፋ እንደጠፋ ይቆጠራል። በኢትዮጵያ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። በአገሩ አነጋገር ከጧቱ 2 ሰዓት የሚባለው በኮምፒዩተሩ 8 ሰዓት ነው። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ያላት ወር በመሆኗ የውጭ አገር ቅጽ ቦታ አይሰጣትም።

የዘመን አቆጣጠር ልዩነትም የሚያስከትለው ስሕተት ከባድ ነው። ለምሳሌ በዳባት የሚገኘው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ ሥራውን የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ነው። «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት በግልባጭ ላይ ቢቀር አንባቢው 1996 ዓ.ም. ብሎ ይወስደዋል፤ በዚህም የጣቢያው የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ያህል መዝገብ እንዳልነበረ ይቈጠራል። በተማሪ ዕድሜ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ቢደርስ የሰባት ዓመቱ ልጅ ገና እንዳልተወለደ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በማናቸውም ቅጽ ላይ የዘመኑ ዓይነት ከቁጥሩ ጋር መጻፍ ይኖርበታል።

ስም ሳይለወጥ ነገሩ ሲለወጥ

ሦስተኛው ምንጭ የማንነት መለወጥ ነው። በሰርቨሮች ላይ አንድ ማሽን ከዝርዝር ወጥቶ እንደገና ሲመዘገብ አዲስ መለያ ቁጥር ስለሚሰጠው የቀድሞ ታሪኩ በአሮጌው መለያ ሥር ይቀራል። ከዳባት ወደ ደባርቅ የተዛወረ ተማሪም መልቀቂያው ካልደረሰ ወይም የአባቱ ስም በሌላ ፊደል ከተጻፈ በአንዱ ትምህርት ቤት «ያቋረጠ»፣ በሌላው «አዲስ ገቢ» ይሆናል። የወረዳው መጠነ ማቋረጥ ልጁ ሳያቋርጥ ከፍ ይላል።

በአካባቢ ደረጃ ለዚህ ጉልህ ምሳሌ አለ። በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው ብሔራዊ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የሰሜን ጎንደር ዞን ሕዝብ ወደ 2.9 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ግድም ዞኑ ለሰሜን፣ ለማዕከላዊና ለምዕራብ ጎንደር ተከፈለ፤ ደባርቅም የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዋና ከተማ ሆነች። ስሙ እንደነበረ ሲሆን ወሰኑ ግን ጠቧል። የሁለቱን ዘመኖች የተማሪ ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ባለሙያ እጅግ ብዙ ተማሪ እንደጠፋ ሊደመድም ይችላል። ከዚህም በላይ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ በመተላለፉ የተሳትፎ መጠን የሚሰላበት የሕዝብ ብዛት ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በትንበያ የተገኘ ነው። በአንድ ወረዳ ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ በላይ ሲወጣ ከዕድሜያቸው ዘግይተው የገቡትን ልጆች ብቻ ሳይሆን የትንበያውንም እርጅና ማሰብ ያስፈልጋል።

የነዋሪዎች ዝውውርም እንዲሁ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይገኝ የነበረው የጊጭ መንደር ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውሯል። በመንደሩ ቀድሞ የነበሩት ልጆች ከአንዱ አካባቢ ቁጥር መውጣታቸው የትምህርት ውድቀት አይደለም፤ በከተማው መጨመራቸውም የትምህርት መስፋፋት ብቻ ተብሎ አይተረጎምም።

በአደጋ ጊዜ የሚፈጠር ክፍተት

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባት ወረዳ ዘለቀ። በአገር ደረጃም የ2013 ዓ.ም. ዓመታዊ የትምህርት ስታቲስቲክስ የትግራይን አሃዝ ሳይዝ ወጥቷል። የዚያን ዓመት የአገር ድምር ከቀደመው ጋር የሚያነጻጽር ሰው፣ ትግራይን ከሁለቱም ዓመታት ካላወጣ፣ የሚያገኘው ልዩነት ትርጉም የለውም።

እንዲህ ያለውን ክፍተት ከፊትና ከኋላ ባሉት ዓመታት አማካይ መሙላት ከሁሉ የከፋ ዘዴ ነው። አማካዩ ሠንጠረዡን ያሳምራል፤ ነገር ግን ያልተማሩትን ወራት ከታሪክ ይሰርዛል። ማካካሻ ትምህርት የሚያስፈልጋቸው ልጆችም የነበሩበት ማስረጃ ይጠፋል። ትክክለኛው አያያዝ ቦታውን ባዶ ትቶ ምክንያቱንና ከየት እስከ የት ቀን እንደሆነ መጻፍ ነው።

ከዳባት ጣቢያ የሚገኝ ትምህርት

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሠራው የዳባት ጣቢያ ለረጅም ዓመታት የቤተሰቦችን ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና ዝውውር ቤት ለቤት እየዞረ መዝግቧል። ከአሠራሩ ለትምህርት ቤቶች የሚተርፈው ዋናው ቁም ነገር አንድ ሰው ከቤቱ ሲታጣ «የለም» ተብሎ ብቻ አለመታለፉ ነው። ሞቷል ወይስ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል የሚለው ተለይቶ ይጻፋል። ለሕዝብ ክትትል የሚያገለግለው ሚዛን ለክፍልም ያገለግላል፤ ይኸውም በመጀመሪያ በነበሩት ላይ የገቡትን ደምሮ የወጡትን በመቀነስ የቀሩትን ማግኘት ነው።

በመስከረም 62 ተማሪዎች ጀምረው በዓመቱ ውስጥ 3 ገቡ፣ 4 በመልቀቂያ ወጡ፣ 7 አቋረጡ ቢባል፣ በሰኔ 54 መገኘት አለባቸው። ሮስተሩ 51 ካሳየ 3 ተማሪዎች የደረሱበት አልታወቀም ማለት ነው። እነዚህን ሦስት ልጆች በስም ለይቶ ለመጠየቅ ለክፍሉ ኃላፊ መምህር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃው ይሆናል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ለወረዳው የማይቻል ሥራ ይሆናል።

መደረግ የሚገባው

መምህሩ ስም ላልጠራበት ቀን ሰረዝ አድርጎ ምክንያቱን በአንድ ቃል ይጻፍ፤ ዜሮ የሚጻፈው ተቆጥሮ ማንም ሲታጣ ብቻ ነው። ርእሰ መምህሩ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የገቢና የወጪ ሚዛኑን ያስመርምር፤ መልቀቂያ የሰጠው ተማሪም በሌላው ትምህርት ቤት መድረሱን ያረጋግጥ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ያልላኩትን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ከድምሩ ጋር አያይዞ ያቅርብ፤ የወሰን ለውጥ ሲኖርም የቀድሞውን ቁጥር በአዲሱ ወሰን ልክ አስልቶ ያኑር። የዕቅድ ባለሙያው በበኩሉ በቁጥር ላይ ድንገተኛ መውደቅ ሲያይ፣ ተማሪ ቀነሰ ከማለቱ በፊት መረጃው የተቋረጠበትን ደረጃ ይመርምር።

ከሁሉ በላይ ክፍተትን በግልጽ ያሳወቀ ትምህርት ቤት መወቀስ የለበትም። ባዶ ቦታ የሚያስቀጣ ከሆነ ባዶ ቦታ አይጠፋም፤ በተፈጠረ ቁጥር ይሸፈናል እንጂ። የተሸፈነውን ክፍተት ደግሞ ማንም መርምሮ ሊያገኘው አይችልም። ምክንያቱ ተጽፎ የተተወ ባዶ ቦታ ግን ለቀጣዩ መርማሪ መነሻ ይሆነዋል፤ በስም ተለይተው የሚፈለጉ ልጆች እንዳሉም ይነግረዋል።